የሥርጉት መርዶ

ሥርጉት የሞተች ጊዜ ለቅሶ ያልደረሰ የአቃቂ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የምድር ባቡር ጡረተኞች መጡ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሴቶች ፈረቃ እየተቀያየሩ መጡ። በአጥር ነገር ከብዙወርቅ ጋር ሰላምታ ያቋረጡት ጎረቤት እንኳ ድንኳን ገብተው ከማንም በላይ አለቀሱ። የቀሩት እነዚያ የልብ ሐኪሞች ብቻ ናቸው። ብዙወርቅ ይህችን ነገር በሆዷ ይዛ ዓመታት ኖረች።

ባዳ ቢሆኑ ምንም አልነበረም። ሐኪም ለስንቱ ታማሚ ያለቅሳል? እነዚህ ግን ሥርጉትን ጥናታቸው ውስጥ ያስገቧት ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ እኛም ቤተሰብ ነን» ያሉት በገዛ አፋቸው ነው። ነርሱ ዘአማኑኤል እንዲያውም አቃቂ ቤታቸው ድረስ መድኃኒት አምጥቶ ያውቃል። ሽሮ ቀርቦለት በልቶ፣ «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ» ብሎ፣ ሥርጉትን እህቴ እያለ ነው የሄደው። ብዙወርቅ ደግሞ ቤተሰብ ሲሏት ቤተሰብ ነው የምትሰማው። ሌላ ትርጉም አታውቅለትም።

የሥርጉት ሕመም የጀመረው ገና ልጅ ሳለች ነው። ጉሮሮዋን እያመማት፣ ጉልበቷ እያበጠ አደገች። ኋላ ነገሩ ልቧ ላይ አረፈ። የልቧ በር ጠቧል አሏቸው። በጠበበው በር ደሙ ተጠራቅሞ እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ኪኒን መዋጥ ነበረባት። የድሮው ኪኒን በየጊዜው ደም እየተቀዳ ካልታየ አደጋ አለው። አዲስ የመጣው ያን ሁሉ መመላለስ አይፈልግም። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ፣ በዚያ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ታማሚዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በድሮው ግማሹን በአዲሱ እያከሙ ይከታተላሉ። ጥናት የሚሉት ይኸው ነው። ለሥርጉት አዲሱ ደረሳት።

«ጉድ እኮ ነው እማዬ፣ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም» ብላ ሳቀች። «ኮንዶሚኒየሙ ቀርቶብኝ ኪኒን ወጣልኝ!»

«መመላለሱ ይቅርልን እንጂ እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» አለች እናቷ።

መመላለሱ እውነትም ቀረ። ሥርጉት ደህና ሆነች፣ ፊቷ ወዛ፣ ስለማግባትም ማውራት ጀምራ ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ ድንገት ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ሰንበት ብሎ ስልክ ተደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ ብዙወርቅ፣ ዘአማኑኤል ነኝ፣ ከሆስፒታል። ሥርጉት ከቀጠሮ ቀረችብን፣ ስልኳም አይሠራም። ደህና ናት?»

ብዙወርቅ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ደጃፏ ላይ ቆመች። መርዶ በስልክ አይነገርም። የሰው ሞት የሚነገረው ማልዶ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በር አንኳኩቶ፣ የሚሰማውን ሰው አስቀምጦ ነው። የባሏ የገብረጻድቅ ሞት እንኳ ድሬዳዋ ላሉት እህቶቹ ሰው ተልኮ ነው የተነገረው። አሁን የአንድ ልጇን ሞት እንደ ሽንኩርት ዋጋ በስልክ ትጥራ?

«በስልክ አይሆንም» አለች። «ኑ።»

«የት ልምጣ?»

«ቤት ነዋ! ቤቴን ታውቀው የለ? መጥታችሁ ጠይቁኝ።»

«እማማ፣ ለጊዜው ደህና መሆኗን ብቻ ቢነግሩኝ...»

«ኑ አልኩህ እኮ!» ብላ ዘጋችው።

ደጋግሞ ደወለ። መልሷ አንድ ነው፤ ኑ። ጠበቀች፣ ማንም አልመጣም። እንዲህ እንዲህ እያለ ስልኩም ቆመ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ለብዙወርቅ ኮዬ ፈጬ ምትክ ቤት ደረሳት። ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና ሄደች፤ ቂሟንም አልረሳችም። እዚያው ብሎኩ ሥር ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ጀመረች። ለአዲሶቹ ጎረቤቶች ልጅ እንደቀበረች ነገረቻቸው። በምን እንደሞተች ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ከጎረቤቶቿ ሁሉ የምትቀርባት አራተኛ ፎቅ ያለችው ኡምሀኒ ናት። ኡምሀኒ የወሎ ሴት ናት፤ ባሏ ዘካሪያ ከኮዬ ቃሊቲ ሚኒባስ ይነዳል። ልጃቸው ናዕማ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ቀጠን ያለች፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። ደረጃውን በየፎቁ እያረፈች እንደምትወርድ ብዙወርቅ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አይታለች። አይታ ዝም አለች።

አንድ ቀን ኡምሀኒ እየተጣደፈች ጉሊቱ ላይ ደረሰች።

«እትዬ ብዙ! ዛሬ ደስ ብሎኛል። ናዕማዬን ሆስፒታሉ ተቀበላት። አዲሱ ኪኒን ደረሳት፣ በዕጣ!»

የብዙወርቅ እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። «የምን ኪኒን?»

«የልቧን ነዋ። ደም መቅዳቱ ቀረላት። ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀበልኩም፣ ወላሂ! እኔን ታውቂኝ የለ? ‹ይኼን ውጦ የሞተ አለ ወይ?› ብዬ ዶክተሩን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አልዋሸኝም። በድሮውም በአዲሱም የሞቱ አሉ፣ የትኛው እንደሚብስ ገና እየተከታተልን ነው አለኝ። የሁሉንም እናውቃለን፣ አንዲት ልጅ ብቻ ከአቃቂ ጠፍታብናለች አለኝ።»

«ጠፍታ?»

«አዎ፣ ጠፍታ። ትሙት ትኑር አናውቅም አለ። ቤተሰቦቿ አይናገሩም አሉ። እስቲ ምን ዓይነት ሰው ነው የልጁን ነገር የሚደብቅ?»

ብዙወርቅ ጎንበስ ብላ የወደቀ ቲማቲም የምትፈልግ መሰለች። «ታዲያ እሷን ከየትኛው ያደርጓታል? ከሞቱት ነው ወይስ በሕይወት ካሉት?»

«ከየትኛውም የለችም አለኝ። መቼም የማያውቁትን አይቆጥሩ!»

ናዕማ በዚህ መሐል ወርዳ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

«እትዬ ብዙ፣ ያረጀው ደረጃው ነው ወይስ እኔ?»

«አንቺ ነሽ። ደረጃው ትናንት የተሠራ ነው» አለች ብዙወርቅ፤ ድምፅዋ ግን ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

የዚያን ቀን ዕቃዋን ቶሎ አነሣች። ቤቷ ገብታ ከራሷ ጋር ስትሟገት ዋለች። ጠፍታብናለች ይላሉ እንዴ? ሥርጉት መቼ ጠፋች? ከአባቷ ጎን፣ ደብሩ ግቢ ውስጥ ናት፤ ብዙወርቅ በየወሩ ሄዳ መቃብሯን ትጠርጋለች። መጥተው ቢጠይቁ ኖሮ እጃቸውን ይዛ ታሳያቸው ነበር። ይኸው ንዴት እስከዛሬ አቁሟት ኖሯል። ደግሞ ናዕማ ትመጣባታለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ሐኪሞቹን ልቅጣ ብላ የያዘችው ዝምታ እነሱ ላይ አላረፈም። ያንኑ ኪኒን በምትውጥ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው ያረፈው።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዛ ቱሉ ዲምቱ፣ አቶ ደበላ ዘንድ ሄደች። አቶ ደበላ የድሮው ሰፈር የእድር ዳኛ ናቸው። እድሩ ቢበተንም ዳኝነታቸው አልተሻረም።

«መርዶ አስነግሩልኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ደንግጠው ተነሡ። «ማን ሞተ?»

«ሥርጉት።»

ትክ ብለው አዩዋት። «ልጄ ብዙወርቅ፣ ሥርጉትን እኮ እኔ ራሴ ቆሜ ነው ያስቀበርኳት።»

«ያልሰሙ አሉ። ሐኪሞቹ።»

«እነዚያ? ስንት ዓመት የረገምሻቸው?»

«እሱን አሁን ይተዉት።»

«አይ አንቺ ሴት!» ብለው ሣቅ ሲሉ አየቻቸውና ፊቷን አዞረች። ሣቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «በይ እሺ። ማልደን እንሄዳለን፤ እንደ ወጉ።»

ማልደው ሄዱ። ብዙወርቅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፣ አቶ ደበላ ጋቢያቸውን ደርበው ከዘራ ይዘዋል። የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው አስቆማቸው።

«ካርድ?»

«የለንም» አሉ አቶ ደበላ። «መርዶ ልንነግር ነው።»

ጥበቃው ከላይ እስከታች አያቸው። «አባቴ፣ ከዚህ ቤት መርዶ ሲወጣ ነው የማውቀው። ሲገባ ዛሬ ማየቴ ነው» አለና አሳለፋቸው።

የልብ ክፍሉ ኮሪደር ገና አልተጨናነቀም። ዘአማኑኤል ቁልፍ ይዞ ሲመጣ ከሩቅ አወቃት። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሰውነቱ ከብዷል።

«እማማ ብዙወርቅ!» ብሎ እጁን ዘርግቶ ሮጠ። ከዚያ የነጠላዋን አለባበስ አየ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ግባና ቁጭ በል ልጄ» አሉት አቶ ደበላ። «ዋናው ሐኪምም ይጠራ።»

ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ቀጀላ መጣ። ቆሞ ሊያነጋግራቸው ሲል ሽማግሌው በከዘራቸው ወንበሩን አሳዩት። ተቀመጠ። አቶ ደበላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ የመጣነው ለደግ አይደለም። የምታውቋት ሥርጉት ገብረጻድቅ አርፋለች። ቆይቷል። በስልክ ያልተነገራችሁ ስለናቅናችሁ አይደለም፤ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው።»

ዘአማኑኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። እንደ ሐኪም አላለቀሰም፤ እንደ ወንድም ነው ያለቀሰው።

«መጥቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ኑ ሲሉኝ ተቆጥተው ከጥናቱ ያስወጧት መስሎኝ ነበር። ቢሆንም መጣሁ። ሰፈሩ የለም፤ ቤትዎ የለም፤ ዛፉ ሳይቀር ተነሥቷል። ግሬደር ብቻ ነው የቆመው። የሚጠየቅ ሰው አጣሁ።»

«መቼ ነው የመጣኸው?»

«ቆይቼ ነው እማማ። ፈቃዱ፣ መኪናው... ቆይቼ ነው።»

«ዘግይተሃል» አለችው። ይቅርታ አላደረገችለትም፤ ያን ያህል ቶሎ የሚለቅ ልብ የላትም። የፈረሰ ሰፈር መሐል ቆሞ ቤቷን ሲፈልግ ግን ታያት። ያን ሁሉ ዘመን ማንም አልመጣም ስትል ነበር።

ዘአማኑኤል ወረቀት ሳበና እስክሪብቶ አነሣ። እንባው ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«እያለቀስክ አትጻፍ፣ ትሳሳታለህ» አለች ብዙወርቅ። «መጀመሪያ ጨርስ። እጠብቅሃለሁ።»

ጠበቀችው። ሲረጋጋ መናገር ጀመረች።

«ልብስ እያሰጣች ነበር። እኔ በር ላይ ምስር እለቅማለሁ። አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ‹አንሺው እንጂ፣ ቆሸሸ!› ብዬ ጮህኩባት። አላነሣችውም። እጇ እንዲህ ተንጠለጠለ፣ የቀኙ። ዞር ስትል አፏ ወደ ጎን ሄዷል። እማዬ ልትል ፈልጋ አቃታት። በባጃጅ ጫንኳት። ድልድዩ ጋ ሲኖትራኮች ተቆላልፈው መንገዱ ተዘግቷል። ወርጄ መኪኖቹን በእጄ እየመታሁ ልጄን አሳልፉልኝ አልኩ። ስመለስ የባጃጁ ሹፌር ኮፍያውን አውልቆ ነበር።»

አቶ ደበላ አቀረቀሩ። ይህን እሳቸውም አልሰሙትም ነበር።

«ኪኒኑ ነው የገደላት?» ብላ ጠየቀች።

«አላውቅም» አለ ዶክተር ቀጀላ። «ነው ብልዎት እዋሻለሁ፣ አይደለም ብልዎትም እዋሻለሁ። የነገሩን ነገር፣ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላት ሲሄድ የሚሆን ነው። ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ይታያል። ጥናቱን የሚቆጣጠሩት ሰዎች ዛሬውኑ ይሰማሉ።»

«ኮዬ ያለችው ልጅስ? የኡምሀኒ ልጅ?»

«የሌላ ታማሚ ነገር ለእርስዎ መናገር አልችልም እማማ።»

«ለእኔ አትንገረኝ፣ ለእናቷ ንገራት። እኔም ዛሬ የማውቀውን እነግራታለሁ።»

«እንነግራቸዋለን። ለሁሉም።» ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር መጠየቅ አለብኝ። ያን ሰሞን ኪኒኑን አቋርጣ ነበር? ረስታ፣ ሰልችቷት፣ ጾም ነው ብላ?»

ብዙወርቅ ዓይኑን አየችው። አዎ እንድትለው የሚመኝ መሰላት። አዎ ብትል ለሁሉም ይቀል ነበር። ለእሷም ጭምር፤ ልጄ ችላ ብላ ነው ብላ ሙታንን መቆጣት ትችል ነበር። ይህን ጥያቄ ለራሷ እንኳ ጠይቃ አታውቅም። መልሱን ስለምታውቀው ነው።

«አላቋረጠችም» አለች። «አንድም ቀን። ያን እሑድ ጠዋትም ውጣለች። ውሃውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።»

ዘአማኑኤል ቀና ብሎ አያት። እስክሪብቶው በእጁ እንደተያዘ ነው።

«ጻፈው» አለችው።