ለከፈን የተከፈተ ሱቅ

ባለቤቴ ሙሔ ሱቁን የከፈተው ለአሥር ደቂቃ ብሎ ነው። የሙሔ አሥር ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጨርቅ ሲለካ ዓለሙን ይረሳል።

አድማው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ጫካ ያሉት ታጣቂዎች ሱቅ የከፈተ፣ ባጃጅ የነዳ እርምጃ ይወሰድበታል ብለው ወረቀት በትነዋል። ከመንግሥት በኩል ደግሞ የዘጋ ይታሸግበታል ተብሏል። የግሽ ዓባይ ሰፈር ነጋዴዎች ሁለቱንም እየፈራን ቤታችን ተቀምጠናል። ባሕር ዳርን የሚያህል ከተማ ጭር ብሎ ውሻ ብቻ ይራወጥበታል። እኔም ሁለቱንም ወገን እየረገምኩ ምስር እለቅማለሁ።

ረፋድ ላይ አብዱልበሲጥ የሚባል የማናውቀው ሰው በራችንን አንኳኳ። የደልጊ ሰው ነው። መንገድ ቢዘጋበት የታመመች እናቱን በጀልባ ጣናን አሻግሮ ሆስፒታል አስገብቷት ነበር፤ እኛ ጋ በመጣበት ቀን ጠዋት ሞተችበት። ጀናዛዋ ታጥቦ መስጊድ ውስጥ ከፈን ይጠብቃል።

"ከዙሁር ሶላት በፊት ልቀብራት ነበር፤ የከተማው ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው" አለ። "ከፈን ያለው ሙሔ ዘንድ ነው አሉኝ።"

ሙሔ ቁልፉን አነሳ።

"አብደሃል እንዴ?" አልኩት። "ከጎረቤት ነጠላ ለምነን እንስጠው።"

"መዲና፣ የሰው እናት እኮ ናት" አለኝ። "በልመና ጨርቅ አልሸኛትም።"

ልጆቹን ለእኅቴ ለአሪፋ ትቼ ተከተልኩት። ቶሎ አስጨርሼ ልመልሰው ብዬ ነው እንጂ ጀግና ሆኜ አይደለም።

ሱቃችን ጠባብ ናት። አንዱን መዝጊያ ገርበብ አድርጎ፣ ብጭቅ ብጭቅ አድርጎ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ባወራሁ። ሙሔ ግን ለሴት አምስት ቁራጭ ነው፣ እያንዳንዱም በልኩ ነው ብሎ ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተ። የአቡጀዲውን ጣቃ እስከ ደረጃው ድረስ ዘረጋው።

"ቁመቷ እስከ ምንህ ይደርሳል?" ብሎ ጠየቀው።

አብዱልበሲጥ ደረቱን እያሳየው አለቀሰ። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ "በቃህ፣ በቃህ" እላለሁ። ሙሔ ጠርዙ ተንሻፍፏል ብሎ አንዱን ቁራጭ ጥሎ እንደገና ሌላ ቀደደ። ለማያውቃት ሴት! ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

ይኼኔ ጃኬት የለበሰ ወጣት አስፋልቱን ተሻግሮ ደረጃው ሥር ቆመ።

"ሥራ ጀመራችሁ?" አለ።

"የቀብር ነው ወንድሜ" አለው ሙሔ፣ ጨርቁን ከፍ አድርጎ እያሳየው። "አሁን እንዘጋለን።"

ወጣቱ ጨርቁን አየ። የሚያለቅሰውን ሰውም አየ። "ለሁሉም ሰበብ አላችሁ" አለና ጥቂት ራመድ ብሎ ዞረ። ከጃኬቱ ያወጣውን ቦምብ ወደ ውስጥ ወርውሮ ሮጠ።

እኔን ከወጣቱ ዓይንም ከቦምቡም ባንኮኒው ከለለኝ። አብዱልበሲጥ አንድ እግሩን አጣ፤ እናቱንም የመስጊዱ ሰዎች በተለመነ ነጠላ ከፍነው ቀበሩለት። ሙሔ ግን እዚያው ነፍሱ ወጣች።

አሪፋ የዚያኑ ቀን ጥግ ይዛኝ ሄደች።

"ቤት ነበርሁ በይ" አለችኝ። "ማየትሽን ካወቁ አይተውሽም። እነዚህን ሁለት ልጆች ለማን ልትተያቸው ነው?"

እውነቷን ነው። አብዱልበሲጥንም ስሜን እንዳያነሳ ለመንኩት፤ ፖሊስ ሲጠይቀው አላነሳኝም። ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ቤት ነበርኩ አልኩ። "እንኳንም አብረሽው አልሄድሽ" ሲሉኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። ባሌን ቀብሬ ውሸት ለብሼ መቀመጤ ከሐዘኑ እኩል አቃጠለኝ።

በአምስተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። የደወለው ሰው አነጋገሩ የተማረ፣ የረጋ ነው።

"እኅቴ፣ አላህ ያጽናሽ" ብሎ ጀመረ።

ከታጣቂዎቹ ወገን መሆኑን ነገረኝ። ቦምቡን የወረወረው ልጃቸው ሱቁ ለንግድ የተከፈተ መስሎት እንጂ የቀብር ጉዳይ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ እጁን እንደማይሰነዝር አስረዳኝ። ሰው እየተቆጣ ስለሆነ፣ ነገሩ በስሕተት የተፈጸመ መሆኑን ለመስጊዱ ሽማግሌዎች እንድነግርለት ፈለገ።

"ወደፊትም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ቀድማችሁ ደውሉልን" አለ። "እንፈቅዳለን።"

ሬሳችንን ለመቅበር ፈቃድ! አሪፋ ስልኩን ዝጊው እያለች እጄን ትጎትታለች። ሙሔ ያን ጨርቅ አንሥቶ "ወንድሜ" ብሎ የለመነው አልተሰማም ሊባል ነው፤ ከሰሙት ሰዎች ደግሞ አንዷ እኔ ነኝ። ይኼንንም ዝም ብዬ ከዋጥኩ ለሙሔ ማን ይናገርለታል?

"ነግሮታል" አልኩት። "የቀብር ነው ብሎ ጨርቁን አሳይቶታል። ልጃችሁ አይቶ፣ ሰምቶ ነው የወረወረው።"

ሰውየው በዚያው በረጋ ድምፁ ጠየቀኝ።

"አንችም እዚያ ነበርሽ እንዴ?"

አሪፋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ልጆቹ ጓዳ ውስጥ ይንጫጫሉ።

"ነበርሁ" አልኩት። "መልኩንም አውቀዋለሁ።"

ስልኩን ቀድሞ የዘጋው እሱ ነው።