ማን ላከህ?

ሽማግሌው ደሞዝን ፎገራ ውስጥ የማያውቀው የለም። የተጣላ ያስታርቃል፣ ለወንድ ልጅ ሚስት ይጠይቃል፤ ምላሱ ቅቤ ነው። ጉድ ያደረገችውም ያችው ምላሱ ናት!

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ መሬት ለውጭ ባለሀብት ሲሰጥ፣ አንድ የአውሮፓ ኩባንያ ከወረታ ወዲያ ያለውን የወል ግጦሽ ፈለገ። የኩባንያው ፈረንጅ ደሞዝን አስጠርቶ ወፍራም ካፖርት አለበሰውና ሕዝቡን እንዲያግባባለት ጠይቆ በአስተርጓሚ፣ "በእኛ አገር ሹም ዘንድ ሄዶ ለሌላ የሚማልድ ሰው ማን እንደላከው በይፋ ያስመዘግባል። እዚህ ደግነቱ ይህ ጣጣ የለም" ብሎ ሳቀ። ደሞዝም አብሮት ሳቀ።

በቀበሌው ስብሰባ ደሞዝ ተነስቶ ስለ ሥራው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለሚመጣው በረከት ተናገረ። የሕዝቡ ልብ ተማረከ። አብሮ አደጉ ቢሻው ብቻ ብድግ አለ።

"ደሞዝ፣ ማን ላከህ?"

"ማንም! ማርያምን! ላገሬ አስቤ ነው።"

ግጦሹ ታጠረ። የቢሻው ላሞች አለቁ፤ እሱም በብስጭት በክረምቱ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ከብቶች እንደ ልማዳቸው መጥተው አጥሩ ሥር ይቆማሉ፣ እምቧ ይላሉ። በዚያ መሀል ደሞዝ የቢሻውን ድምፅ ይሰማል፦ "ማን ላከህ?" ጋቢውን ቢከናነብም አልተወውም። ካፖርቱን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ወይ ጣጣ፣ ከሳጥኑም ይሰማው ጀመር።

ይባስ ብሎ ያሳደገው የወንድሙ ልጅ ዓለምነህ የወደዳት የቢሻው ልጅ ማርያማዊት ሆነች። "እሷን ካጣሁ አገር ጥዬ እሄዳለሁ" አለው። ከዚህ ልጅ ሌላ ማን አለው? ጨነቀው። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቢሻው ቤት ሄደና እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆመ።

የቢሻው ሚስት ገላነሽም እንደ ወጉ ጠየቀች።

"ማን ላካችሁ?"

"ዓለምነህ" ማለት ብቻ ነበረበት። እሱ ግን የሰማው የቢሻውን ድምፅ ነበር።

"ኩባንያው!" አለ ደሞዝ። "ኩባንያው ነው የላከኝ! በማርያም ስም በሐሰት ማልሁ። ለካፖርት ብዬ ግጦሻችሁን አስወሰድሁት!"

ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ተያዩ። ገላነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"አያ ደሞዝ፣ እኔ የጠየቅሁዎ የዛሬውን ነበር። ያንን የጠየቀዎ ቢሻው ነው። ይሂዱና ለሱ ይንገሩት። እሱ እሺ ካለ ልጄን እሰጣለሁ።"