የቦሼ መዝሙር በትንሽ ቦታ

አስናቀች የወንድሟን የጦናን ዓይን ማየት አስጠልቷታል። የሠራውን የሰማ ሰው አይፈርድባትም።

እናታቸው ቦሼ ከመሞቷ በፊት በወላይትኛ የደረሰችውን መዝሙር፣ አስናቀች በደህና መቅጃ ቀድታ በሚሞሪ ካርድ ይዛው ነበር። ጥርት ያለ ቅጂ ነው፤ ቦሼ ስንኙን ልትጀምር ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ይሰማል። ጦና ግን ለቅሶ የመጣ ዘመድ ሁሉ «ለኔም አስጭንልኝ» ሲለው እምቢ ማለት ነውር መሰለውና ሚሞሪዋን ይዞ ስልክ ላይ መዝሙር ወደሚጭነው ወደ ከሊል ሱቅ ሄደ። ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን ነው፤ የሶዶ ሰው መዝሙር ሲያስጭን ስለ ጥራቱ ማን ጠይቆ! ስልኬ ስንት ያዘልኝ ብሎ ነው የሚፎክረው።

«ትንሽ ቦታ እንዲይዝ አሳንሰው» አለ ጦና። ከሊል አሳነሰለት። ያኔ ጦና «ትንሹ ካለ ትልቁ ምን ያደርጋል፣ ቦታ መፍጀት ነው» ብሎ ዋናውን አጠፋው። የአረካው የአጎታቸው ልጅ ሲመጣ ያነሰው እንደገና አነሰ። የጉኑኖዋ አክስታቸው አገርነሽ ስትመጣ ደግሞ ከዚያም አነሰ፤ ጦና ለራሱም ያስቀረው ያንኑ የመጨረሻውን ነው። ሰው በገዛ እናቱ እንዲህ ይጨክናል?

አሁን አዲሱ ጸሎት ቤት ሊመረቅ ነው፤ ወጣት መዘምራኑም የቦሼን መዝሙር እናቅርብ አሉ። አስናቀች ሚሞሪዋን ከወንድሟ ተቀብላ ከፈተችው። እናቷ በርሜል ውስጥ ገብታ የምትዘምር ትመስላለች። ድምፁ ያፏጫል፣ የየስንኙ መጨረሻ ተውጧል፣ ትንፋሿማ ጨርሶ የለም።

ደሟ ፈልቶ ከሊል ሱቅ ገባች። «እንዳሳነስከው መልሰህ አሳድገው!»

«እህቴ፣ ላሳድገው እችላለሁ፤ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ድምፁ አይመለስም» አላት ከሊል። «ኮምፒውተሩ ሲያሳንስ ጆሮ አይፈልገውም ያለውን ይጥላል። እንደገና ሲያሳንስ ከተረፈው ላይ ደግሞ ይጥላል። የተጣለውን ከየት ላምጣልሽ? ዋናውን ማስቀመጥ ነበር።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብላው ወጣች።

የተሻለ ቅጂ ፍለጋ አረካ ሄደች። የአጎቷ ልጅ ለሌላ መዝሙር ቦታ ሲፈልግ እዚያው አሳንሶት ኖሯል። ጉኑኖ ሄደች። አገርነሽ ስልኳን ከፍታ «ስሚያት የኔ ልጅ፣ እሷው ናት እኮ!» እያለች አለቀሰች። ጦና ጋ ካለው ጋር አንድ ነው። አስናቀችም አብራ አለቀሰች፤ የእሷ ግን የንዴት ነው።

ሶዶ ስትመለስ ጦና ፋይሉን ለመዘምራኑ ሰጥቷቸው ልምምድ ጀምረዋል። ልጆቹ ቦሼ ታማ ቤት ከዋለች ወዲህ የመጡ ናቸው፤ ስትዘምር ሰምተዋት አያውቁም። አስናቀች በር ላይ ቆማ አዳመጠች። ፋይሉ የዋጠውን እየዋጡ፣ የቆረጠውን እየቆረጡ ይዘምራሉ።

«አቁሙ! እንዲህ አይደለም!» እያለች ወደ ፊት ወጣች። «እናቴ እንዴት እንደምትለው እኔ ላሳያችሁ።»

ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። የስንኙ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ቦሼ ድምጿን ወዴት ትወስደው እንደነበር ፈለገች። አጣችው። ሰሞኑን ያንን የተበላሸ ፋይል ደጋግማ ስትሰማ ከርማ፣ ጆሮዋ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እሷም ዋጠችው።

አንዷ ልጅ ግራ ገብቷት ጓደኞቿን አየች።

«እህት አስናቀች፣ እኛስ እንዲሁ አይደል ያልነው?»