ጨው የጎደለው ዳቦ

ጨው ጎድሎታል ብዬ ስጮህ የሰማኝ የለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምላሱም ያልተማረ ይመስላቸዋል። ዳቦ ቤቱን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከከፈትን ጀምሮ እሱ አቡክቶ ይጋግራል፣ እኔ ደግሞ ደርድሬ እሸጣለሁ። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው።

ሰፈሩ ወንድሜን «ድንቡሼ» ነበር የሚለው። ጉልበቱ አልሸከምህም ሲለው ሐኪሙ ክብደት ቀንስ አለው። እሱም ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንችና ስኳር እርም አለ፤ እንቁላል፣ ሥጋና ጎመን ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን በረሃብ ተነጫንጮ ሊገድለኝ ነበር። ከዚያ ረሃቡ ራሱ ጥሎት ሄደ።

«እትዬ፣ ሰውነቴ አሁን የራሱን ስብ ነው የሚያነደው። ምግብ ትዝም አይለኝም።»

«አፍህ እኮ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል!»

«ስቡ የመንደዱ ምልክት እሱ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

እውነትም ቀለለ፤ ደረጃውን ሳያቃስት መውጣት ጀመረ። ደስ አላለኝም ብል ውሸቴን ነው። ግን ጨውን በእፍኙ የሚለካ ሰው ነው፤ ልኩን የሚነግረው ምላሱ ነበር። ከምድጃ የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ለሁለት ገምሰን፣ በቅርፊቱ እየተጣላን እንቀምስ ነበር። አሁን በጣቱ ጫን አድርጎ፣ አሽትቶ «ሸጋ ነው» ይልና ያልፋል። ቅርፊቱን ሁሉ ብቻዬን እበላለሁ።

«ጨው የለውም» አልኩት።

«ምላስሽ አርጅቶ ነው፣ እትዬ።»

በማግስቱም አልኩት። በየጠዋቱ አልኩት። ዛሬ የመዋዕለ ሕፃናቱ ምግብ አብሳይ፣ የስንት ዘመን ደንበኛችን፣ ቅርጫቷን ባዶውን ይዛ መጣች።

«እማማ፣ አይክፋችሁ። ልጆቹ እየነከሱ ይተውታል። ሌላ ዳቦ ቤት ይዣለሁ።»

ስትወጣ ወንድሜ ከመደርደሪያው ቁራሽ ቆርሶ አኘከ፤ መሐረቡ ላይ ተፋው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው ታዲያ አልነገርሽኝም?»

እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል! ልሰድበው አፌን ከፍቼ፣ የሰፋበትን ሸሚዝ አይቼ ተውኩት። ያ ሁሉ ጠዋት ቆጨኝ። ሴትየዋ አትመለስም፤ እሱም በቅርፊት አይጣላኝም።

«ብላ አልልህም» አልኩት። «ጉልበትህን ጠብቅ። ግን ከነገ ጀምሮ እኔ ቀምሼ ይውጣ ሳልል አንዲት ዳቦ ከቤት አትወጣም። ጎድሎታል ስልህ ‹እሺ እትዬ› ትላለህ። በል፣ አሁን በላት፤ ልስማህ!»