የሚስስ ፔሪ ስኮን

«የለም፣ ይቅርብኝ፤ አመሰግናለሁ» አሉ አቶ ፀሐዬ በእንግሊዝኛ፣ ዐይናቸውን ከሳህኑ ሳይነቅሉ።

ሚስስ ፔሪ «እንደፈቀዱ» ብለው ባለ ሦስት ፎቁን ሳህን ወደ ጎን አደረጉት። ከታች ጠርዙ የተቆረጠ የኪያር ሳንድዊች፣ ከመሃል ስኮን የሚሉት ትኩስ ትንንሽ ዳቦ፣ ከላይ ኬክ አለው። ጃሙና ወፍራሙ ክሬም አጠገቡ ተቀምጠዋል። አቶ ፀሐዬ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እስኪባሉ ጠበቁ። ሴትዮዋ ግን ስለ ዝናቡ ማውራት ቀጠሉ።

ስትሪትሃም በተባለው የእንግሊዝ ሰፈር አንድ ግድግዳ ተጋርተው አሥራ አንድ ዓመት ሲኖሩ፣ ለከሰዓት በኋላው ሻይ ሲጠሯቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከሬዲዮ በቀር አነጋጋሪ ያጡት ሰውዬ ለዚች ቀን ሸሚዝ ተኩሰዋል። ጠግቦ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነውና ምሳም አልበሉም። ዕለቱ ሐሙስ ስለሆነ በጾም እንኳ አይመካኝም። ሐሳባቸው በሁለተኛው ልመና እሺ ሊሉ፣ በሦስተኛው ሊጨምሩ ነበር። ሁለተኛው ልመና አልመጣም። ወተት የገባበትን ሻይ ብቻ ጠጥተው፣ ሆዳቸው እየጮኸ፣ ሆድም ብሷቸው ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው እሌኒ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ሚስስ ፔሪን ደጅ ላይ አግኝታቸው ኖሯል።

«አባዬ፣ ስኮናቸውን ለምንድን ነው ያልነካኸው? በእናታቸው ሬሲፒ ነው ቤክ ያደረጉት። ስላልወደድከው ሁለተኛ ላያስቸግሩህ ወስነዋል፤ በጣም አፕሴት ናቸው።»

«መች ለመኑኝና? አንዴ ጠይቀው አነሱት እኮ።»

«እዚህ አይለምኑም። ኖ ካልክ ኖ ነው። ደግመው ቢጠይቁህ አንተን መናቅ ይመስላቸዋል።»

አቶ ፀሐዬ ዐፈሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ያኮረፉባቸው ሴትዮ ለካ ከግድግዳው ማዶ እሳቸውም አዝነው ከርመዋል። እሌኒ አበባ ገዝታ ይቅርታ ልትጠይቅላቸው አሰበች። አባትየው አልተስማሙም። ሠርቶ ያልተበላለት ሰው የሚካሰው ሲበላለት ነው፤ ይህን ለማወቅ እንግሊዝ መሆን አያስፈልግም። ደግሞም ዝም ካሉ ያ በር ዳግመኛ አይከፈትላቸውም።

ካፖርታቸውን ደረቡ። በልጅነታቸው ሰው ቤት ቁራሽ ዳቦ ስጡኝ ብለው እናታቸው ጭናቸውን ቆንጥጠዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ፣ ስደት ላይ እንኳ፣ ከማንም ደጅ ምግብ በአፋቸው ጠይቀው አያውቁም። የጎረቤታቸውን ሁለት ደረጃ ወጥተው በሩን አንኳኩ።

ሚስስ ፔሪ በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ።

«ያ ስኮን ተርፎ ይሆን?» አሉ አቶ ፀሐዬ። «ርቦኛል።»

ሴትዮዋ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «የሐሙስ ነው፤ ደርቋል። ግን ይግቡ።»

አቶ ፀሐዬ ሁለተኛ እስኪጠየቁ አልጠበቁም፤ ገቡ።