ከረንት የማይበላው ካውያ

ሳይለካ የሚያውቅ፣ ዘመናትንም በቃሉ ያጸና አምላክ የሆነውን ሁሉ ያውቃል፤ እኛ ለክተን እንኳ እንስታለንና ይህችን ነገር በእርሱ ዕውቀት ሥር አድርጌ እጽፋለሁ።

ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ነው። በምድር ቤቱ ሰው ሁሉ እቴቴ የሚላቸው አንዲት መበለት ልብስ እየተኮሱ ይኖራሉ። ጭነት ሲበዛ ከረንት የሚቆርጠው የሕንጻው ብሬከር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየወደቀ መብራት ስላጠፋ፣ የሕንጻው ኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ ጥፋቱን በእቴቴ ካውያ ላይ ጣለ። ደንቡ ከሁለት ሺህ ዋት በላይ የሚወስድ ዕቃን ይከለክላል። ካውያው ከዚያ ካለፈ ይነቀላል፤ ካውያው ከተነቀለ እቴቴ እንጀራቸው ተቋረጠ ማለት ነው።

ተቆጣጣሪው ሳይማርበት "ፕሮፌሰር" የሚል ቅጽል የወጣለት ሰው ነው። ሸሚዜን ላስተኩስ ቆሜ ሳለሁ ካልኩሌተሩን እንደ መስቀል በአንገቱ አንጠልጥሎ ገባ። ቮልቱን ለካ፤ ሁለት መቶ ሃያ። ከዚያም መንጋጋ ያለውን አምፔር መለኪያ በካውያው ገመድ ዙሪያ ገጠመ። መለኪያው ዜሮ አለ።

"ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ነው" አለና አባዛ። "ዜሮ ዋት!" ረዚስታንሱን፣ ማለትም ካውያው ከረንቱን የሚቋቋምበትን ልክ፣ ሊያገኝ ቮልቱን ለዜሮ ቢያካፍል፣ ካልኩሌተሩ "ስህተት" ብሎ ጻፈ። ከባለቤቱ ቀድሞ ዕቃው ንስሐ ገባ።

"እትዬ፣ ይሄ ካውያ ከረንት አይበላም።"

"ታዲያ በጸሎት ነው የሚግለው?"

"ሳይበላ ከጋለ ተደብቆ ይበላል ማለት ነው። ስርቆት ነው! እነቅለዋለሁ!"

"እስቲ መዳፍህን አስቀምጥበትና ዜሮ መሆኑን ንገረኝ፣ የኔ ጌታ!"

እኔ በመጻሕፍት መካከል ሸምግያለሁ፤ የሚጾም ካውያ ግን የትም አላነበብሁም።

በር ላይ ዳቦ ትበላ የነበረችው የእቴቴ የእህት ልጅ፣ ሬዲዮ ጠጋኟ፣ በሳቅ ትን አላት።

"ፕሮፌሰር፣ ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ አቀፉት እኮ! በአንዱ የሄደው በሌላው ይመለሳል፤ መለኪያው ሁለቱን አጣፍቶ ዜሮ ይልዎታል። አንዱን ብቻ ይያዙ።"

"አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ?"

"ኧረ በጭራሽ! እያስታወስኩዎት ነው።"

የውጪ ልባሱ ተገፍፎ ሽቦዎቹ ለየብቻ የሚታዩበት ማስረዘሚያ ገመድ አምጥታ ካውያውን ሰካችበት። መለኪያው አንዱን ሽቦ ብቻ ሲይዝ ስምንት አምፔር አነበበ።

"አባዛ እንጂ፤ ጣትህ ደረቀ እንዴ?" አሉ እቴቴ።

አባዛ፤ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ዋት። አካፈለ፤ ረዚስታንሱ ሃያ ሰባት ነጥብ አምስት ኦም። ካውያው ደንቡን አልጣሰም።

"ታዲያ ብሬከሩን ማን ይጥለዋል?"

"የእርስዎም ቢሮ በዚሁ ብሬከር ላይ ነው አይደል?" አለች ልጅቱ። "እዚያ ያለውን የኤሌክትሪክ ሻይ ማንቆርቆሪያዎን እንለካው።"

ተለካ፤ አሥር አምፔር። ፕሮፌሰር ካልኩሌተሩን መንካት አቃተው። እቴቴ ግን በቃላቸው አባዙት።

"ሁለት ሺህ ሁለት መቶ! እንግዲህ ቀዝቃዛ ትጠጣለህ፣ ልጄ።"

ማንቆርቆሪያውን በገዛ እጁ ነቀለ፤ የካውያውንም ፈቃድ ላቡ እየተንጠባጠበ ፈርሞ ሰጣቸው። እቴቴ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ ተጨማድዷል ብለው ተኮሱት።

አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤትህን ከእሳትና ከችኩል ዳኛ ይጠብቅ፤ በማዕድህ ዙሪያ ያሉትን ያብዛ፣ ጠባቸውን ያጣፋ። አሜን።