ሥራ የለቀቁት ቀጭን መስመሮች

ሆስፒታል የተኛው ባለቤቴ ይርዳው በሞተበት ማክሰኞ ጠዋት፣ ቤታችን ውስጥ እሱ በቀረጸው ፊደል ከታተመው ጽሑፍ ሁሉ ቀጭኖቹ መስመሮች ተነሥተው በበሩ ሥር ወጡ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ወፍራሞቹ ቋሚዎች ብቻ ቆመው ቀሩ።

ወዲያው ሦስት ሽማግሌዎች ለመርዶ መጡ።

«ይርዳው ሞተ አይደል?» አልኳቸው።

«ማን ቀደመን?» አሉ አባ ተሰማ።

«መስመሮቹ።»

«እንግዲያው እኛ ማልቀስ ብቻ ነው የቀረን» ብለው ገቡ።

ይርዳው ማተሚያ ቤት ፊደል ቀራጭ ነበር። የእሱ ፊደል ቋሚው እንደ ምሰሶ ይወፍራል፤ አግዳሚው እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ከእግሩ ሥር የምትተኛው ስስ መስመር ቋሚውን ቀጥ ብላ ትገጥመዋለች፤ ማዕዘኑን የሚያለሰልስ ኩርባ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ቀርጾታል።

ለአርባው ማስታወቂያ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘለቀ ከእርሳስ ብረት የተሠሩትን ፊደሎቹን አሳዩኝ፤ ቋሚዎቹ ብቻ እንደ አጥር እንጨት ቆመዋል።

«ቀጭኖቹ ሥራ ለቀዋል፣ ወይዘሮ የሺመቤት። ሁሉም ጎኑ እኩል በወፈረው ፊደል እናትምልዎት። ከሩቅ ይነበባል።»

«ቀርበው ያንብቡት።»

«ቀጭኑ እኮ ድሮም ይሰበር ነበር።»

«ይርዳውም ይታመም ነበር። በሌላ ሰው አልቀየርኩትም።»

መስመሮቹን መቃብሩ ላይ አገኘኋቸው። እንደተበጠረ ፀጉር ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«ተነሡ፣ ስሙ ሊታተም ነው» አልኳቸው።

አልተነሡም።

«እኔም እዚህ መተኛት አምሮኛል። ተነሡ።»

ተራ በተራ የጥቁር ቀሚሴ እጅጌ ላይ ወጡ።

ማተሚያ ቤት ስንደርስ እያንዳንዱ ቦታውን ያዘ። ከስሙ ውስጥ የ«ዳ» ረጅም እግር ብቻ ሥሩ ባዶ ነበር።

«አንዷ ብትጎድል ማን ያያል?» አሉ አቶ ዘለቀ።

«እኔ።»

ከሻሼ ሥር አንድ ፀጉር ነቅዬ እግሩ ላይ አስተኛኋት። ቀጥ ብላ ገጠመች። አቶ ዘለቀ ጥቂት አይተው ማሽኑን አስነሡ። ፀጉሯ ነጭ ነበረች፤ ጥቁር ሆና ታተመች።

ማስታወቂያው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተለጥፏል። የ«ዳ» መስመር በየቀኑ ትረዝማለች። ከወረቀቱ ወጥታ፣ አጥሩን ወርዳ፣ ዛሬ ጠዋት መቃብሩ አፈር ውስጥ ገብታለች። በዚያ የምታልፉ ሁሉ፣ ስሙን ቀርባችሁ አንብቡና ለነፍሱ ጸልዩለት። መስመሯን ግን እንዳትረግጧት፤ ከወዲያኛው ጫፍ የያዛት አለ።